በር፣ ማረፊያ፣ ቋጠሮ፦ የቁርኣን አንቀጾች ቁጥር ለምን ይለያያል?

አንኮበር ስሟ ውስጥ በር አለ። የአገሬው ሰው «የአንኮ በር» ብሎ ይፈታዋል፤ አንኮ ከሸዋ ነገሥታት በፊት በዚያ ተራራ ላይ የነበረች የኦሮሞ እመቤት ናት ይላል ትውፊቱ። ስሙን የሚያጸናው ግን መሬቱ ራሱ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደጋው ብርድ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው አንኮበር ሲደርስ ምድር ከእግሩ ሥር ትከፈትበታለች። ሜዳው ያበቃና ወደ አሊዩ አምባ፣ ወደ አርጎባዎቹ መንደሮች፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ የሚያወርደው ቁልቁለት ይጀምራል። እውነትም በር ነው።

በርን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቁርኣንን በአማርኛ ትርጉም የሚያነብ ሰው በየገጹ የሚያገኘው ቃል «አንቀጽ» ነው። አንቀጽ ደግሞ በግእዝ በር፣ ደጃፍ ማለት ነው። ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠውን የእመቤታችንን ምስጋና «አንቀጸ ብርሃን» የምንለው «የብርሃን በር» ማለታችን ነው። ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ በር ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ትዝ የሚለን ፍርድ ቤትና ሕገ መንግሥት፣ ወይም የሰዋስው መምህር «ማሰሪያ አንቀጽ» ሲል ነው።

በር እንዴት የመጽሐፍ ክፍል ሆነ? ለዚህ ፍትሐ ነገሥትን የመሰለ ምስክር የለም። መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በዓረብኛ ነው፤ ያዘጋጀውም አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል የተባለ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጻዊ ክርስቲያን ሊቅ ነው። ዓረብኛው የመጽሐፍን ክፍል «ባብ» ይለዋል፤ ባብ በር ነው። ወደ ግእዝ የመለሰው ሰው በሩን በበር ተካውና የፍትሐ ነገሥት 51 ክፍሎች 51 አንቀጽ ተባሉ። አይሁድም በታልሙዳቸው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ «ባባ ቃማ» የሚሉት ክፍል «የመጀመሪያው በር» ማለት ነው። በሦስት ሃይማኖቶች መጻሕፍት አንባቢ በር እያለፈ ይገባል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ከተርጓሚዎቹ መካከል ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ይገኛሉ። የዓረብኛውን «አያ» በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ጥያቄ ፊታቸው ሳይደቀን አልቀረም። «ስንኝ» ቢሉት ቁርኣን ግጥም ይመስላል፤ ቁርኣን ደግሞ የግጥም ቃል አለመሆኑን ራሱ ይናገራል። «ቁጥር» ቢሉት እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የኅዳግ ምልክት ብቻ ይሆናል። ትርጉሙ ለመጽሐፉ ክፍል አንቀጽን፣ አያ ተአምርንና ምልክትን ለሚያመለክትበት ቦታ ደግሞ ተአምርንና ምልክትን ያዘ። እኔ ይህን ምርጫ አከብረዋለሁ። አንዱ የዓረብኛ ቃል ለሁለት ቢከፈልም፣ አማርኛ ሲያነብ የኖረ ሰው ሁለቱንም ያለ አስተርጓሚ ይረዳል።

አያ ራሱ ከየት መጣ? የመጀመሪያ ትርጉሙ ምልክት ነው። ዕብራይስጥ «ኦት»፣ ሱርስት «አታ» የሚሉት ዘመዱ ነው፤ ቀስተ ደመና ለኖኅ የቃል ኪዳን ምልክት የሆነበት ቃል በዕብራይስጡ ይኸው ኦት ነው። ግእዝ ለዚህ ነገር የራሱን ሥር ይጠቀማል፤ «አመረ» ካለው «ትእምርት» እና «ተአምር» ይወጣሉ። ስለዚህ ዓረቡ የመጽሐፉን አንድ ዐረፍተ ነገርና የሰማይን ፀሐይ በአንድ ስም አያ ሲል፣ ሁለቱም አንድን ነገር ያሳያሉ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ጆሮ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። «አያ የተባለው ስለሚታይ ነው፤ ከ‹አየ› የመጣ ነው» የሚል አፈታት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጆሮ ይገባል፣ እውነት ግን አይደለም። የአማርኛው «አየ» የግእዙ «ርእየ» ልጅ ነው፤ መነሻው ላይ የነበረችው «ር» ወድቃበት ነው እንጂ ከዓረብኛው አያ ጋር አይገናኝም። የ«አየ» እውነተኛ የዓረብ ዘመድ «ረአ» ነው። የአያ ብዙ ቁጥር «አያት» መሆኑም ከእማማና ከአባባ እናት አባት ጋር ዝምድና አይፈጥርለትም፤ ታላቅን አክብረን «አያ» የምንልበት ቃልም ሌላ ነው። ሥርወ ቃል በድምፅ መመሳሰል ብቻ አይቆምም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ውስጥ አጎትና የወንድም ልጅ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ። አጎትየው የሚቀሩበት፣ ማለትም ቁርኣን የሚያነቡበት፣ ሙስሐፍ በአገራችን የተለመደው ኅትመት ነው፤ ወጣቱ በስልኩ የያዘው ግን የሰሜን አፍሪካ ኅትመት ነበር።

«አጎቴ፥ አያተል ኩርሲ እርስዎ ዘንድ ስንት ቁጥር ነው?»

«255 ነዋ፣ ልጄ።»

«እኔ ዘንድ 253 ይላል። ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል።»

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከሁለቱ አንዱ የተሳሳተ መስሎት እንደ ደነገጠ ያስታውቃል። አጎትየው መነጽራቸውን አወለቁና «በል፣ ቁጥሩን ተወውና ቅራው» አሉት። እየተከተሉት አብረው ቀሩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልተለየም። «ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። የጎደለ ነገር ስለሌለ መልስ አልነበረውም፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ግን አብሮኝ ወጣ።

መልሱ በአማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል፤ «ምዕራፍ»። ምዕራፍ ከ«ዐረፈ» ይወጣል፤ ማረፊያ ቦታ ማለት ነው። እኛ ቃሉን ለረጅሙ ክፍል ሰጠነው እንጂ፣ የቁርኣንን የአንቀጽ ቁጥር የሚለያየው ነገር ማረፍ ነው። ሊቃውንቱ ሲያስተላልፉ እንደኖሩት፣ ነቢዩ ሙሐመድ ሲቀሩ በአያዎች መጨረሻ ላይ ያርፉ ነበር፤ ሰሚው የአያውን መጨረሻ እንዲያውቅ። ቦታው ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሐሳቡ እንዲያያዝ ሲሉ አንዳንዴ ሳያርፉ ያልፉ ነበር። ማረፋቸውን የሰማ «እዚህ አያ አለቀ» አለ፤ ማለፋቸውን የሰማ «እዚህ አልቆመም» አለ። ሁለቱም የሰሙትን መሰከሩ። ምስክርነቱ ወደየከተማው ሄደና በየከተማው መምህራን አፍ ጸና።

ስለዚህ የቁጥሩ ስሞች የከተማ ስሞች ናቸው። የኩፋ ቆጠራ 6236 ነው። ከመዲናው ሁለት ቆጠራዎች የኋለኛው 6214፣ የሻም፣ ማለትም የደማስቆው፣ 6226፣ የበስራው 6204 ይላል፤ በአንዳንዶቹ ላይ በአንድ የሚለዩ ዘገባዎችም አሉ። መካና ሒምስም የየራሳቸው አላቸው። ይህ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። አንዳሉሳዊው አቡ ዐምር አድ-ዳኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1053 ያረፉት፣ ስለዚህ ቆጠራ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የትኛው ከተማ የቱ ቃል ላይ እንደሚያርፍ ሱራ በሱራ፣ ማለትም ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ዘርዝረዋል። በብዙ አገር በሕዝብ አፍ የሚዞረው 6666 ግን ከእነዚህ ከተሞች የአንዱም ቆጠራ አይደለም።

ልዩነቱ ሕፃናት በሚቀሩት ሱራ ይታያል። ፋቲሐ በሁሉም ቆጠራ ሰባት አያ ናት። ሰባቱ የሚሞሉት ግን በሁለት መንገድ ነው። ኩፋና መካ ቢስሚላህን አንድ ብለው ይጀምራሉ። ሌሎቹ ቢስሚላህን ሳይቆጥሩ የመጨረሻውን ረጅም አያ «አንዐምተ ዐለይሂም» ላይ ያርፉበትና ለሁለት ይከፍሉታል። ኢኽላስ በኩፋ፣ በመዲናና በበስራ አራት፣ በመካና በሻም አምስት ናት፤ «ለም የሊድ» ላይ ማረፍ ወይም አለማረፍ ነው ነገሩ። አል-ዐስር በሁሉም ሦስት ሆና የኋለኛው መዲና ማረፊያው የሚለየው መሐል ላይ ነው።

አያተል ኩርሲ በሚገኝበት በአል-በቀራ መነሻ ላይ ያሉት ሦስት ፊደሎች፣ አሊፍ ላም ሚም፣ ለኩፋ ብቻቸውን አንድ አያ ናቸው፤ ለሌሎቹ ከተከታዩ ጋር አንድ ናቸው። የኋለኛው መዲና ቀጥሎ በ200ኛው ላይ ኩፋ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱን ያልፋል። አያተል ኩርሲ ላይ ሲደርስ ሁለት ጎድሎ 253 ይሆናል። እዚያ ደግሞ «አል-ሐዩል ቀዩም» ላይ ያርፋልና አንዱ አያ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ ጉድለቱ አንድ ይሆናል፤ ሱራዋ በኩፋ በ286፣ በመዲና በ285 ትዘጋለች። የወጣቱ ስልክ ያሳየው ይህንን ነበር።

አምስተኛው ሱራ «አል-ማኢዳ» እኛን በተለይ ይነካናል፤ ስሙ የራሳችን ነውና። ቴዎዶር ኖልደኬ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናት በቁርኣን ውስጥ ያሉትን የግእዝ ቃላት ሲመረምር ማኢዳን ከግእዙ «ማእድ» ጋር አገናኝቶታል። ዛሬም ቤታችን «ማዕድ ቀረበ» እንላለን። ሱራው ስሙን ያገኘው ሐዋርያት ከሰማይ ማዕድ እንዲወርድላቸው ኢሳን (ኢየሱስን) ከሚጠይቁበት ቦታ ነው፤ «ሐዋሪዩን» የሚለው ቃል ራሱ የግእዝ «ሐዋርያ» ነው። ይህ አያ በኩፋ 112ኛ፣ በመዲና 114ኛ፣ በበስራ 115ኛ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው አያ ውስጥ «ቢል ዑቁድ» ላይ፣ በ15ኛውም ውስጥ አንድ ቦታ ላይ፣ ኩፋ ሳያርፍ ሲያልፍ ሌሎቹ ያርፋሉ፤ በስራ ደግሞ በ23ኛው አንድ ማረፊያ ይጨምራል። ሦስት ሙስሐፍ የያዙ ሦስት ሰዎች ይህን አንዱን ማዕድ በሦስት ቁጥር ይፈልጉታል።

ቁጥሩ የማይነቃነቅ የግእዝ ቃልም አለ። በአን-ኑር፣ በብርሃን ሱራ፣ የአላህ ብርሃን የሚመሰልበት አያ ላይ መብራቱ የተቀመጠበት ቦታ «ሚሽካት» ይባላል። ሚሽካት የግእዙ «መስኮት» ነው፤ የዓረብ የትርጓሜ ሊቃውንት ራሳቸው የሐበሻ ቃል መሆኑን ጽፈዋል። ሱራው በኩፋ 64፣ በመዲና 62 አያ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ግን ከመስኮቱ በኋላ፣ በ36ኛውና በ43ኛው ላይ ስለ ሆነ፣ የብርሃኑ አያ በሁለቱም 35ኛ ነው።

ብርሃንን ካነሣን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት «ደብረ ብርሃን» ያላት ከተማችን ትታወሰናለች። ደብር ተራራ ነው፤ የብርሃን ተራራ። መካ አጠገብ የቁርኣን የመጀመሪያ ቃል ወረደበት የሚባለው የሒራ ዋሻ ያለበት ተራራ «ጀበል አን-ኑር» ይባላል። ወደ ግእዝ ቢመለስ ደብረ ብርሃን ነው። አንዱ ከሌላው የተወሰደ ስም አይደለም፤ የሁለቱ ቋንቋዎች ልብ ግን እንዲህ ይቀራረባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጽሐፉ ስም ነው። «ሙስሐፍ» የግእዙ «መጽሐፍ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1445 እስከ 1505 የኖሩት አስ-ሱዩጢ ባስቀመጡት አንድ ዘገባ፣ ቁርኣን በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰብ ምን እንበለው ተብሎ ሲመከር አንደኛው «በሐበሻ አገር ይህን የመሰለ ሙስሐፍ ሲባል አይቻለሁ» ብሎ ስሙን ሰጠ። ዘገባው ያለው ይህ ብቻ ቢሆንም ለቃል ታሪክ ጸሐፊ ይበቃል፤ ስሙ ከዚህ አገር እንደ ሄደ የጥንት ሙስሊሞች ያስታውሱ ነበር።

ሰሜን ሸዋም ለዚህ ሁሉ ባዕድ አይደለችም። ከአንኮበርና ከደብረ ሲና አፋፍ በታች ያለው ይፋት የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም መንግሥት ማእከል ነበር፤ የዓረብ ጸሐፊዎች «አውፋት» እና «ጀበርት» እያሉ ጽፈውታል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ፍራንስዋ-ዛቪየ ፎቬልና በርትራንድ ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኗቸው የፈረሱ ከተሞች፣ ኖራና አውፋት፣ መስጊዶቻቸው ይታያሉ፤ አውፋት ውስጥ የወላስማ መሳፍንት መቃብሮች በዓረብኛ ተጽፎባቸው ይገኛሉ። በእነዚያ መስጊዶች የተቀራው ቁርኣን የተማሩት በጆሮ ነው። ዛሬም በይፋትና በወሎ ደረሳ በሉሕ ላይ ጽፎ፣ ከሸሁ አፍ ሰምቶ፣ መልሶ ቀርቶ ያልፋል። «ቀራ»፣ «ቂርአት»፣ «ኸተመ» የሚሉት ቃላት አማርኛችን ውስጥ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ደረሳው አያው የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ሸሁ ሲያርፉ ነው፤ ቁጥር አይጠየቅም። በድሮ የእጅ ጽሑፎችም የአያው መጨረሻ ብዙ ጊዜ ክብ ወይም ነጥብ ነው፤ አሥር አሥሩ በሌላ ምልክት ይለያል። በሐረር የእጅ ጽሑፎች የበስራው መምህር የአቡ ዓምር ንባብ ይገኛል። ዛሬ በኢትዮጵያ የተለመደው ሐፍስ ከዓሲም የተቀበለው የኩፋ ንባብ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ የነበረው ግን እርሱ ብቻ አልነበረም።

ቁጥሩን ወደ ክቡ ውስጥ ያስገባው ኅትመት ነው። ጉስታቭ ፍሉገል እ.ኤ.አ. በ1834 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው ቁርኣን ከከተሞቹ የአንዱንም ቆጠራ አልተከተለም፤ የአውሮፓ ምሁራን ግን መቶ ዓመት ገደማ በእርሱ ቁጥር ሲጠቅሱ ኖሩ።  እ.ኤ.አ. በ1924 ካይሮ ላይ የታተመው የንጉሥ ፉአድ ሙስሐፍ ኩፋን ተከተለ፤ ሐፍስ በሚቀራበት ዓለም ሁሉ 6236 የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው። በእጃችን ያለው የአማርኛ ትርጉምም በዚሁ ቁጥር ይሄዳል። ሞሮኮና አልጄሪያ ግን በወርሽ ንባብ የመዲናውን ይዘዋል።

ክርስቲያኑ አንባቢም እንዲህ ያለውን የቁጥር ልዩነት ያውቀዋል። ዳዊት በሚደገምበት ቤት ስለ እረኛ የሚናገረው መዝሙር 22ኛ ነው፤ ከዕብራይስጥ የተተረጎመ መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፈት 23ኛ ይሆናል። ዳዊቱን የተሳሳተ ነው የሚል የለም።

አንድ ቃል ቀረኝ፣ እርሱም «ቁጥር» ነው። «ቆጠረ» እና «ቋጠረ» በተነባቢ ፊደላቸው አንድ ናቸው፤ መነኩሴ የሚጸልይበት መቁጠሪያም ቋጠሮ ነው፣ በአንዱ እጅ ሁለቱንም ቃላት ይዞ ያልፋል። ቋጠሮ ክሩን አይቆርጥም፣ አይጨምርም፤ እጅ እንዳይስት የሚያዝበት ነው። የአያ ቁጥር የሚያስቸግረው ስሕተት ሆኖ ሳይሆን፣ ቋጠሮው የየትኛው ከተማ እንደ ሆነ ሳንናገር ስንጠቅስ ነው። በስብከት፣ በመጽሔት፣ በፈተና ወረቀት «5፥112» ብለን እንተወዋለን፤ የሰሜን አፍሪካ ሙስሐፍ የያዘ ወጣት ከፍቶ ሌላ ነገር ያገኝና «ዋሽተዋል» ይላል።

ስለዚህ ለጸሐፊዎችና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። አያ ስትጠቅሱ የሱራውን ስም ጻፉ፤ የአያውን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃላት ጨምሩ፤ ቁጥሩ የኩፋ ከሆነ «በኩፋ ቆጠራ» በሉ። ደብረ ብርሃን ያሉት አጎትየው እንዲህ አደረጉ፤ የሱቁን ደረሰኝ አገላብጠው በጀርባው ላይ «አል-በቀራ፣ አላሁ ላ ኢላሀ ኢላ ሁወ፣ በኩፋ 255፣ በመዲና 253» ብለው ጽፈው ለልጁ ሰጡት።